ከሟች ጋር ያላቸው ዝምድና

ልብስ ሰፊዋ የሟች ሚስት አንገት ላይ ተጠምጥማ ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ለቅሶዋን ሳታቋርጥ ከንፈሯን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

«እግዜር ያጽናሽ፣ እህቴ... ስሜን ከመዝገቡ አጥፍቶት ነው የሞተው?»

ሚስትየው የሰማችውን ማመን አቅቷት ቀና ብላ አየቻት። የሴትዮዋ እንባ በጉንጯ እየወረደ ነው፤ የምታለቅሰው ከልቧ ነው። የምትጠይቀውም ከልቧ ነው።

«አላውቅም» አለቻት ቀስ ብላ።

ልብስ ሰፊዋ ራሷን ነቀነቀችና ጥግ ካለው ወንበር ሄዳ ተቀመጠች። የሰጧትን ሻይ ተቀብላ ሳትቀምሰው እጇ ላይ ቀዘቀዘ።

እንዲህ ብላ የጠየቀች እሷ የመጀመሪያዋ አይደለችም። ጠዋት ዳቦ ጋጋሪው እጇን ሲጨብጣት ጠይቋታል። ከእሱ በፊት አንዷን መንታ አዝላ ሌላዋን ታቅፋ የመጣች እናት ጠይቃታለች። ሁሉም አልቅሰው ሲያበቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያችኑ ጥያቄ ያመጣሉ። እሷም ለሁሉም «አላውቅም» ትላለች፤ እውነቷን ነው። ባሏ ልቡ ቀጥ ከማለቱ በፊት የተናገረው የመጨረሻ ነገር «መስኮቱን ክፈቺልኝ፣ ሞቀኝ» የሚል ነበር።

ሟቹን የከተማው ሰው «መዝጋቢው» ነበር የሚለው። ጦርነቱ መጥቶ ገበያ ሲዘጋና ደመወዝ ሲቋረጥ፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት ለተቸገሩ ቤተሰቦች በየወሩ በስልካቸው ገንዘብ ይልክ ጀመር። ገንዘቡ ለማን እንደሚገባ የሚያጣራው እሱ ነበር። ታብሌቱን በፌስታል ጠቅልሎ በየሰፈሩ ይዞራል። በቤቱ ስንት ሰው እንዳለ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንዳረገዘች፣ እናትየው መንቀሳቀስ ቢያቅታት በእሷ ፈንታ ማን እንደሚቀበል ይጠይቃል፤ አሻራቸውን ይወስዳል። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ግን ከተማዋ በሌሎች ታጣቂዎች እጅ ገባች። አዲሶቹ ሰዎች ያን ገንዘብ የተቀበለውን ሁሉ ከተማዋን ለቀው የወጡት ታጣቂዎች ወገን አድርገው ነው የሚቆጥሩት። ከቤታቸው ተወስደው ያልተመለሱም አሉ። ስለዚህ የሰው ጭንቀት ልክ ነው።

ሚስቱን ግን ከሁሉም በላይ ያስጨነቃት ባሏን ማወቋ ነው። ያ ሰው በሕይወቱ ምንም ነገር ጥሎ አያውቅም።

በትዳራቸው መጀመሪያ «ቃራሚው» ብላ ስም አውጥታለት ነበር። ቁልፉ የጠፋ ጓጉንቸር፣ ጓደኛው የጠፋ ካልሲ፣ የተቃጠለ አምፖል፣ ትንፍሽ የማይል ሬዲዮ ሁሉ ያስቀምጣል። «ይሄ ደግሞ ምን ያደርግልሃል?» ስትለው፣ «ምን ይታወቃል» ነው መልሱ። አንድ ቀን ተናዳ የተሰበረ ጃንጥላውን አውጥታ ጣለችው። ማታ ሲገባ ይዞት ገባ። «መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁ፤ የኛን አይመስልም?» አላት። ሆዷን ይዛ እስኪያማት ሳቀች።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው የአንድ ከተማ ሰው ስም ይሰርዛል? ለቀስተኛው ቀለል ሲል ወደ ዕቃ ቤቱ ብቅ ትልና የሳጥኖቹን ክምር ታያለች፤ ሳትነካቸው ትመለሳለች።

ከጦርነቱ በፊት ቆጣሪ አንባቢ ነበር። የተገናኙትም በዚሁ ነው። አባቷ ቤት መጥቶ የኤሌክትሪክ ቆጣሪውን አየ፣ ቁጥሩን ጻፈ፣ ሄደ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። «ቁጥሩን ተጠራጥሬው ነው» አለ። በሌላው ሳምንትም መጣ። በረንዳው ላይ የተቀመጡት አባቷ፣ «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ቆጣሪያችንን በቃሉ ሊይዘው ነው መሰለኝ፤ ውጪና ገላግይው» አሏት። ወጣች።

«ስንት አለ?» ብትለው ያኔ ወደ ቆጣሪው ዞረ። ገና አላየውም ነበር።

ያን ቀን የለበሰችው ቢጫ ሹራብ እጅጌው ተተርትሮ እንደነበር እስኪሞት ድረስ ያነሳባት ነበር። የከተማውን በር ሁሉ ያውቃል፤ ውሻ ያለበትን፣ ደወሉ የማይሠራውን፣ አዛውንት የሚከፍቱትንና ታግሶ መጠበቅ የሚያስፈልገውን። ድርጅቱም የቀጠረው ለዚሁ ነው። ስለ ሥራው ግን ቤት ውስጥ አፉን አይከፍትም። ስለ አንድ ጃንጥላ እስኪነጋ የሚያወራ ሰው፣ «ዛሬ የት ዋልክ?» ስትለው «ሰው ቤት» ይላታል። አለቀ። ስንት ጊዜ ተቀይማዋለች!

በማግስቱ የድርጅቱ ሾፌር መጣ። ሟቹን ለዓመታት ይዞት የዞረ፣ ሲቀመጥ ወንበር የሚያስጨንቅ ግዙፍ ሰው ነው። ወንበር አግዘኝ ብላ ወደ ጓሮ ወሰደችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትዋሸኝ። ሰዎቹ ስማቸውን ይጠይቁኛል። እሱን ደግሞ ታውቀዋለህ...»

«እንዴት አላውቀውም! የመኪናዬ ኪስ ሙሉ እሱ ከመንገድ የለቀመው ቡሎን ነው» አለ። ወዲያው ፊቱ ተለወጠ። «ሰርዞታል። አጠገቡ ነበርኩ።»

«ሁሉንም?»

«እዚህ ያለውን ሁሉ። ዋናው ቅጂ ውጭ አገር ነው፣ እነዚህ አያገኙትም። ተኩሱ ሲቀርብ ታብሌቶቹን አንድ በአንድ ባዶ አደረጋቸው፤ ወረቀቱን አቃጠለ። የአለቃው ስልክ አይሠራም፣ ማንም አላዘዘውም። ሲወጣ ዐይኑ ቀልቷል። ምን ሆንክ ስለው ‹ጭሱ ነው› አለኝ። ትንሽ እንደሄድን ደግሞ ‹ሰዎቼን አጠፋኋቸው እኮ› አለ። ‹ኧረ ተው ወንድሜ፣ ያጠፋኸው ጽሑፉን ነው፤ ሰዎቹማ ቤታቸው ናቸው› አልኩት። እሱ ግን በየበሩ እያሳየ፣ ‹እዚህ ብዙ ልጆች አሉ፣ እዚህ አያትየው አያዩም› ይለኝ ጀመር። እንዳይረሳቸው ነው። ‹እኔም መስማት የለብኝም› ብዬ ነው ያስቆምኩት።»

«ለኔ አንድም ቀን አልነገረኝም።»

«ብትጠየቂ እንዳይጨንቅሽ ነዋ። አላውቅም ስትይ እውነትሽን እንዲሆን።»

አፏን በእጇ ሸፈነች። ያ «ሰው ቤት» የሚላት መልስ፣ ያኔ ያስኮረፋት፣ አሁን ነው የገባት። እዚያው ወንበሮቹ መሃል ቆማ፣ አባቷ ግቢ ቆጣሪው ሥር እንደወደደችው አድርጋ ወደደችው። ናፈቃት።

ከዚያ በኋላ ለሚጠይቋት ሁሉ መልስ አገኘች። «ጠፍቷል። በገዛ እጁ ነው ያጠፋው። አትፍሩ» ትላለች። ወሬው እግር አወጣ። ስማቸውን ሰምታ ከማታውቃቸው ሰፈሮች ሳይቀር ሰው ይጎርፍ ጀመር። ዳቦ ጋጋሪው ተመልሶ መጣ፣ የመንታዎቹ እናት ተመልሳ መጣች፤ ሻዩም እየተጠጣ፣ ወሬውም እየደራ ሄደ።

በሩ አጠገብ ጠረጴዛ አስቀምጠው የተቀመጡት ዋርሳዋ ናቸው። እኚህ የባሏ ታላቅ ወንድም ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ስም ሲጠሩ ስለኖሩ፣ ሰው ሰብሰብ ብሎ ካዩ እጃቸው ብዕር ይፈልጋል። በኋላ ለማመስገን እንዲመች ብለው በአንድ ደብተር ለቀስተኛውን ይመዘግባሉ። በማስመሪያ ሦስት ዓምድ አስምረዋል፦ ስም፣ ሰፈር፣ ከሟች ጋር ያላቸው ዝምድና። መጀመሪያ ላይ ሰዉ «ጎረቤት»፣ «ወዳጅ» እያለ ያልፍ ነበር። ወሬው ከተሰማ በኋላ አንደበቱ ተፈታ። ልብስ ሰፊዋ ራሷ ጮክ ብላ አስጻፈች።

ማምሻውን እንግዳ ሲቀል ርእሰ መምህሩ አነበቡላት።

«‹መዝግቦኛል። በዝናብ መጥቶ፣ ወለሌን እንዳያቆሽሽ ጫማውን አውልቆ ገባ።› ... ‹መዝግቦኛል። አሻራዬ አልነበብ ሲል እጄን በእጁ አሙቆ ደግሞ ሞከረ።› ... ‹መዝግቦኛል። ሕፃኑ ሞቷል ስለው ቁጥሩን ወዲያው አልቀነሰውም። አልቅሼ እስክጨርስ ጠበቀኝ።›»

ርእሰ መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ዓምዱ ስላልበቃቸው ጠርዙ ላይ ሁሉ ጽፈዋል። «እኔ ኅዳግ ላይ የጻፈ ተማሪ እቀጣ ነበር» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ወንድሜን የማውቀው ይመስለኝ ነበር» አሉ።

«ይድገሙልኝ፣ ጋሼ።»

ደገሙላት። ሲጨርሱ ደብተሩን ተቀብላ ደረቷ ላይ አስደገፈችው። ግድግዳው ላይ ካለው ፎቶ ይልቅ ባሏ ያለው እዚህ ውስጥ መሰላት። ሁልጊዜ ሲመሽባት እያወጣች እንደምታነበው ስታስብ ከሞተ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ቀለል አላት።

በማግስቱ አንድ ጃኬት የለበሰ ሰው ሁለት የታጠቁ ጎረምሶች አስከትሎ ገባ። ሰውየው ጨዋ ነው። ጎንበስ ብሎ «ነፍስ ይማር» አለ፣ ሻዩን ስኳር ጨምሮ ጠጣ። ከአዲሶቹ ሹማምንት አንዱ መሆኑን ማንም ሳይናገር ቤቱ ሙሉ ሰው አወቀ። ወሬው ቀጥ አለ። ሲወጣ ጠረጴዛው ጋ ቆመ።

«መዝገብ ይዛችኋል! ጎበዞች!» ገጹን ገለጥ አደረገ። «ሰፈሩም አለ። ይሄ ‹መዝግቦኛል› የሚለው ደግሞ ምን ማለት ነው፣ አባቴ?»

«ያው... የሐዘን ነገር ነው» አሉ ርእሰ መምህሩ።

«እንዲያ ነው?» ፈገግ አለ። «ሰው ገና እየመጣ ነው፤ ይሙላ። ነገ ጠዋት ብቅ ብዬ እወስደዋለሁ።»

ሰውየው ወጣ። ልብስ ሰፊዋ ከጥጓ ሆና ሚስትየውን አየቻት። መናገርም አያስፈልጋትም። ባሏ ያን ሁሉ ጭስ ውጦ ያጠፋው ስም እዚሁ ሳሎኑ ውስጥ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ተመልሶ ተጽፏል። «አትፍሩ» ብላ ያስጻፈቻቸው ደግሞ እሷ ናት።

ሰው ሲበተን ርእሰ መምህሩን ጓሮ ልብስ ማጠቢያው ጋ አገኘቻቸው። ደብተሩን ብብታቸው ውስጥ ይዘውታል።

«ይስጡኝ፣ ጋሼ።»

ገብቷቸዋል። ግን አልሰጧትም። «ስሙን ብቻ እንፋቀው። ታሪኩ ይትረፍልን። እኔ ወንድሜን ያገኘሁት እዚህ ውስጥ ነው።»

«እኔስ ባሌን ያገኘሁት የት ነው?» አለች። «ልጇ የሞተባት ማን እንደሆነች ሰፈሩ ያውቃል፣ ጋሼ። አሻራቸው አልነበብ ያለውንም ያውቃል። ስም ባይኖርም ያገኟቸዋል።»

ደብተሩን ከብብታቸው አወጡት።

«ሰውየውስ ሲመጣ ምን ልበለው?»

«ሐዘን አናውዟት ከጠረጴዛ ልብሱ ጋር አብራ ዘፈዘፈችው ይበሉት።»

«እኔ መዋሸት አልችልበትም።»

«ምን ውሸት አለው? ይኸው አሁን ልዘፈዝፈው አይደል?»

ርእሰ መምህሩ ሳያስቡት ሳቁ። ሳቃቸው መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባቸውና ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ ተቀምጠው ገጾቹን ራሳቸው አንድ በአንድ ይገነጥሉ ጀመር። እሷ እየተቀበለች ሳፋው ውስጥ ትነክራለች፣ በሳሙና ታሻለች። ውሃው ሰማያዊ ሆነ። ልጇ የሞተባት እናት ገጽ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«ይቺን እንኳ...» አሉ።

እሷም ይቺን እንኳ ማስቀረት ፈልጋለች። ከሁሉም ይልቅ ይቺን። እጇን ዘረጋች፣ ተቀበለቻቸው፣ ውሃ ውስጥ ከተተቻት። ስትለሰልስ ጊዜ ቶሎ አሸቻት፤ ሐሳቧን ሳትቀይር።

ጠዋት ጃኬት የለበሰው ሰው መጣ። ርእሰ መምህሩ የተባሉትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ነገሩት። ሳፋውን አየ፣ ውስጡ ያለውን ሰማያዊ ገንፎ በጣቱ ነካ አደረገ፣ ሴትዮዋን አየ። ማስመሰል አላስፈለጋትም፤ ዐይኗ አብጧል፣ እጇ እስከ አንጓዋ ሰማያዊ ነው።

«ያሳዝናል» አለ ጣቱን እየጠረገ። «እንግዲህ አዲስ ደብተር ያዙ። ሰው ገና ይመጣል።»

ሰው ገና ይመጣ ነበር። ከሰዓት በኋላ አንዲት አዛውንት ሴት ጫማቸው አቧራ ለብሶ በሩ ላይ ቆሙ። ማንም አያውቃቸውም። ርእሰ መምህሩ በልማዳቸው ብድግ ብለው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ፤ ባዶውን መልሰው አወጡትና ተቀመጡ።

«ከሩቅ ነው የመጣሁት» አሉ ሴትዮዋ። «አታውቂኝም፣ ልጄ። እኔ ማለት ባለቤትሽ ያኔ... ስሜ...»

ሚስትየው ፈጥና ተነሳችና ሰማያዊ ጣቶቿን በቀስታ ከንፈራቸው ላይ አደረገች።

«አይንገሩኝ፣ እናቴ። ይግቡ ብቻ።»

አዛውንቷ ዐይን ዐይኗን አዩዋት። ከዚያ እጇን ከከንፈራቸው ላይ አነሱት፤ ግን አልለቀቁትም። እንደተያያዙ ገብተው፣ ስማቸውን ሳይተዋወቁ ጎን ለጎን ተቀመጡና ለአንድ ሰው አለቀሱ።