ባለ አንድ ዓይኗ ካርድ

ጁባ፣ ማላኪያ ሰፈር በሚገኘው የወይዘሮ አረጋሽ ምግብ ቤት ጓሮ ባዶ ካርቶን አያድርም። ውሃ የመጣበትም ይሁን ብስኩት የመጣበት፣ ዕቃው ወጥቶ ሳያልቅ ልጃቸው ፀሎት መቀሷን ይዛ ዙሪያውን ትዞራለች፤ ሥጋ ሲበለት አጠገቡ እንደምትንጎራደድ ድመት። የምትቆርጠው በሞባይል ካርድ ልክ ነው። በዚያች ቁራጭ ላይ ጀልባ፣ ፍየል፣ አንድ ቦዳ ሞተር ላይ አራት ሆነው የተጫኑ ሰዎች፣ ያሻትን ትስላለች። ቢጫ ሲያስፈልጋት ከእናቷ ማጀት እርድ ትቆነጥራለች። ቀይ ሲያምራት ደግሞ የእናቷ የጥፍር ቀለም አለ። ወይዘሮ አረጋሽ የጥፍር ቀለማቸው ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚያልቅ ዛሬም አያውቁም፤ እናንተም እንዳትነግሯቸው።

በትምህርት ቤት ልጆቹ ሁሉ እንዲህ ዓይነት ካርድ ይሠራሉ። አይሸጥም፤ ይለዋወጡታል እንጂ። ሰጪና ተቀባይ መዳፍ ለመዳፍ ተማትተው "ከላስ!" ካሉ አለቀ፤ በጁባ ዐረብኛ አበቃ ማለት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ማልቀስም መመለስም የለም። መልክሽን ስሎ ለሰጠሽ ሰው ደግሞ አንቺም መልኩን ስለሽ ትመልሻለሽ። ያልመለሰ "ሆዳም" ተብሎ ከጨዋታው ይባረራል።

መልክ በመሳል ሮዝን የሚያህል የለም። ሮዝ ጋምቤላ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ አድጋ ወደ አገሯ የተመለሰች ረዥም ልጅ ናት። ስትናደድ በኑዌር፣ ስትከራከር በዐረብኛ፣ ስታሾፍ በአማርኛ ነው። ካቶር ሰፈር ባለው ትምህርት ቤታቸው ከፀሎት ጋር አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሮዝ በመስኮቱ በኩል፣ ፀሎት በመተላለፊያው በኩል። ሮዝ የክፍሉን ልጅ ከሞላ ጎደል ስላ ጨርሳለች። ፀሎትን ግን አልሳለቻትም። "የኔስ?" ስትላት "ያንቺ ይቆያል" ትላታለች። ጓደኛ ተብዬ! ያቺ ማስቲካ ሰው ፀጉር ላይ የምትለጥፈው ዶርቃ እንኳ ተስሎላታል።

አንድ ሐሙስ የመውጫው ደወል ሲደወል፣ ሮዝ አንድ ካርድ ፊቱን ደፍታ በዴስኩ ላይ ወደ ፀሎት ገፋ አደረገችው።

"ቤት ስትደርሺ እዪው። ከላስ?"

"ከላስ!" ፀሎት መዳፏ እስኪቃጠል መታቻት።

ቤት ደርሳ ማቀዝቀዣው አጠገብ ገለበጠችው። ራሷ ነበረች። ግን ወደ ጎን። አንድ ጆሮ፣ አንድ ጉንጭ፣ አንድ ዓይን።

ምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ያለበት ካሌንደር ተሰቅሏል። መልአኩ በሁለት ትልልቅ ዓይኖቹ ፊት ለፊት ያያል፤ ከእግሩ ሥር የተረገጠው ሰይጣን ግን ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። አጎቷ ማስረሻ ጎጃም ዲያቆን ሳለ ለአንድ ሥዕል ሠሪ ቀለም ይፈጭ ነበርና ለልጆቹ ነግሯቸዋል፦ "በኛ አሳሳል ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ክፉ በአንድ ዓይን ነው። ሰይጣንም ይሁዳም ፊታቸው ወደ ጎን ነው።"

ታናሽ ወንድሟ አብይ በትከሻዋ ላይ አጮልቆ አየና በሳቅ ፈነዳ።

"ሰይጣን አደረገችሽ!"

"ዝም በል፣ አንተ ንፍጣም!"

"እማዬ! ፀሎትን ሚካኤል ሊረግጣት ነው!"

ፀሎት ጓሮ ገብታ ባዶ የቢራ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። ምን አድርጌያት ነው? ማንዳዚዋን ግማሽ በልቼባታለሁ፣ እሺ። ግን እሷም የኔን ሳምቡሳ ትበላ የለ? ዶርቃ በሁለት ዓይን፣ እኔ በአንድ! ጓደኛዬ የምትላት ልጅ ለካ በልቧ እንዲህ ነው የምታያት። ይሄ ነው ያንገበገባት፤ የአብይ ሳቅማ የለመደችው ነው።

ሕጉ መመለስ ነው አይደል? "ብድሬን እመልሳለሁ!" አለች ጮክ ብላ። ካርቶን ቆረጠችና ሮዝን ወደ ጎን አዙራ፣ በአንድ ዓይን መሳል ጀመረች። ቀንድ ልትጨምርባት አሰበችና ተወችው። ቀንድ ማንም ይስላል፤ አንዷ ዓይን ብቻዋን ትስደባት።

የሚገርመው፣ እጇ ማሰብ አላስፈለገውም። ከሹሩባዋ ሁልጊዜ የምታመልጠውን አንዷን ጉንጉን፣ እስክሪብቶ ስታኝክ ሾል የሚለውን ከንፈሯን፣ ከጆሮዋ ኋላ ያለችውን ማርያም የሳመቻትን ነጥብ፣ ሁሉንም እጇ ራሱ ያውቀዋል። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

በማግስቱ ረፍት ላይ ካርዱን ዴስኩ ላይ ጣል አደረገችላት። ሮዝ አነሳችው። አየችው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው፣ ደግሞ አየችው። ፀሎት ፊቷ ሲከፋ ለማየት ጠበቀች። ሮዝ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ ሳቀች።

"ዋላይ! አንቺም ከጎን ነው የምታውቂኝ!"

"ምን?"

"ሌሎቹን ፊቴ አስቀምጬ ነው የሳልኳቸው። አንቺን ግን በዚህ በኩል ቀኑን ሙሉ አይሻለሁ፣ በቃሌ ነው የማውቅሽ። ፊት ለፊት ስሞክር ሌላ ሰው እየሆንሽብኝ ስንት ካርድ አበላሸሁ መሰለሽ! ለዚያ ነው የቆየው።"

ፀሎት ዝም ብትል ያልፍላት ነበር። አብይ የሚባል ወንድም ባይኖራት።

"ሮዝ!" አለ፣ ከታችኛው ክፍል ለረፍት ወጥቶ በበሩ ብቅ ብሎ። "ሰይጣን አድርጋ ሳለችሽ አይደል? ብድሬን እመልሳለሁ ስትል ነበር!" ብሎ እግሬ አውጪኝ አለ።

ሮዝ ወደ ፀሎት ዞረች። "ምንድን ነው የሚለው?"

ፀሎት ነገረቻት። ስለ ካሌንደሩ፣ ስለ ማስረሻ፣ ስለ አንድ ዓይን። ሮዝ እስክሪብቶዋን እያኘከች ሰማች። የነሮዝ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ መስቀል እንጂ ሥዕል የለም፤ ከየት ታውቀዋለች?

"እና ትናንት ሰይጣን መሰልኩሽ?"

"አንቺ ነሻ የጀመርሽው... አዎ፣ መሰልሽኝ።"

እጅ ለእጅ ገና አልተማቱም፤ ሮዝ ካርዱን እምቢ ብላ ብትመልሰው ማንም አይፈርድባትም። ሰኞ ደግሞ ከዶርቃ ጋር ትቀመጣለች። ሮዝ ካርዱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

"ይቺ ነጥብ ምንድን ናት?"

"ያንቺ ናት። ከጆሮሽ ኋላ።"

"የኔ? አይቻት አላውቅም!"

"ከጆሮሽ ኋላ ሆና እንዴት ታያታለሽ፣ ቀጭኔ ነሽ?"

ሮዝ ጣቷን ከጆሮዋ ኋላ አድርጋ ዳበሰች። ከዚያ ካርዱን ከፍ አደረገችው።

"ስሚ፣ ተናደሽ እንዲህ ከሳልሽኝ፣ ስትወጂኝማ ምን ልታደርጊኝ ነው?" መዳፏን ዘረጋች። "ከላስ?"

ፀሎት አልመታቻትም። ብድግ አለች።

"ተነሺ። ቦታ እንቀያየር።"

"ለምን ሲባል?"

"አንድ ዓይኔ አንቺ ዘንድ ቀርቷል። ይህን ጎኔን ደግሞ በቃልሽ አጥኚውና ስለሽ ትሰጪኛለሽ።"

"መስኮቱን ፈልገሽ ነው!"

"እሱንም።"

ሮዝ እየተነጫነጨች ወደ መተላለፊያው አለፈች። ፀሎት መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ነፋሱን እንደ ንብረቷ ተቀበለችው። ሮዝ አዲሱን ጉንጭ አተኩራ አየች፤ አንገቷን ሰገግ አደረገች።

"ቅንድብሽ ላይ ያለው ጠባሳ መቼ መጣ?"

"ሁልጊዜም ነበር።"

"እኔ አላየሁትም።"

"እንዴት ታዪዋለሽ፣ በዚያ በኩል ተቀምጠሽ!"

መምህሩ ጠመኔያቸውን ይዘው ሲገቡ ሁለቱ "ከላስ!" ብለው መዳፍ ለመዳፍ ሲማቱ፣ ጩኸቱ ክፍሉን ሁሉ አስደነገጠ።