የአጀንዳ አሥራ አራት ቃለ ጉባኤ

አፈ ጉባኤያችን ኢሶዛኪ የተጻፈላቸውን ሁሉ ያነባሉ። ሁሉንም ስል ሁሉንም ነው። አንድ ጊዜ በቅንፍ «እዚህ ላይ ውሃ ይጠጡ» ብዬ ብጽፍላቸው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ለመላው ጉባኤ «እዚህ ላይ ውሃ ይጠጡ» ብለው አነበቡ። ከንቲባው ጨዋ ሰው ናቸውና ብርጭቋቸውን አነሱ። ከዚያ ወዲህ በቅንፍ ምንም ጽፌ አላውቅም።

እኔ ኡሱይ ነኝ፤ በኩሬሃማ ከተማ ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁ ጸሐፊ። ሥራዬ ሰዎች ነገ የሚናገሩትን ዛሬ መጻፍ ነው። የአባላቱ ጥያቄ ቀድሞ ይገባል፣ የከንቲባው መልስ ቀድሞ ይጻፋል። አፈ ጉባኤው «ተቃውሞ አለ?» የሚሉበት፣ ከሥሩም «ተቃውሞ ስለሌለ ጸድቋል» የሚሉበት ወረቀት ከስብሰባው በፊት ታትሞ ጠረጴዛቸው ላይ ይቀመጣል። በመሀል አባላቱ በአንድ አፍ «የለም» ይላሉ። ለሌላ አገር ሰው ሳወራው ይስቃል። እኛ ግን እንዲህ ስንተዳደር ኖረናል፤ ድልድዩም የተሠራው፣ የሕፃናት መዋኛውም የተዘጋው በዚሁ መንገድ ነው።

ባለፈው ታኅሣሥ አጀንዳ አሥራ አራት ወደ ናካዜ ደሴት የምትመላለሰውን የከተማውን ጀልባ ከመጋቢት መጨረሻ በኋላ የሚያስቀር ደንብ ነበር። ናካዜ ላይ የቀረው ሠላሳ አንድ ሰው ነው፤ ከሁሉ የሚያንሰው ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ጀልባዋ ከቀረች ሐኪም ዘንድ የሚመላለስ ሁሉ ቤቱን ዘግቶ ከተማ መግባት አለበት። ከአሥራ ስድስቱ የምክር ቤት አባላት የደሴቲቱ ተወላጅ አንዲት ሴት ብቻ ናቸው፤ ሃማይ ቶኪኤ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን በባሕር ጠላቂነት ያሳለፉ፣ ትንፋሽ የማያጥራቸው ሴት ነበሩ። ከሁለት ዓመት በፊት ጉሮሯቸው ለሕክምና ተቀዶ ድምፃቸው ከጨርቅ ጀርባ እንደሚመጣ ሆኖ ቀረ።

ቶኪኤ ሳን ያን መኸር ሙሉ የአባላቱን በር ሲያንኳኩ ከረሙ፤ «ሳን» የአክብሮት መጠሪያችን ነው። ሰባቱ «ተነሥታችሁ ድምፅ ስጡ ከተባለ ከእርስዎ ጋር እንነሣለን» አሏቸው። አፈ ጉባኤው ድምፅ ስለማይሰጡ ከቀሩት አሥራ አምስት ስምንት ሰው ካለ ጀልባዋ ትተርፋለች። ቀድሞ ለመናገር ግን ከሰባቱ አንዱም አልደፈረም። በእኛ ዘንድ መጀመሪያ አፉን የከፈተ ሰው ዕድሜ ልኩን ሲነሣበት ይኖራል። ብቻ አንድ ሰው «ተቃውሞ አለኝ» ካለ፣ ደንቡ ተነሥቶ ድምፅ መስጠትን ያስገድዳል።

የተቃውሞ ንግግር ለማድረግ፣ በፊርማ ፈንታ የአባሉ የግል ማኅተም የተመታበት ወረቀት ከዋዜማው ቀትር በፊት እጃችን መግባት አለበት። በዋዜማው ነፋስ ተነሥቶ ጀልባዋ አልወጣችም። ለቀትር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ስልኬ ጮኸ።

«ኡሱይ ሳን፣ ባሕሩ ተቆጥቷል» አሉ ቶኪኤ ሳን። «ወረቀቱ በእጄ ነው። ላንብብልህ?»

«በስልክ አይሆንም። ማኅተሙ መታየት አለበት።»

«እንግዲያ ስልኩ ላይ ልምታልህ?»

ሳቅሁ። ሳቄም አፌን አላላው መሰለኝ፣ ማድረግ የማይገባኝን ቃል ገባሁ። «ንግግሩ ይቅርብዎ። ነገ አፈ ጉባኤው ‹ተቃውሞ አለ?› ሲሉ ‹አለኝ› ብቻ ይበሉ። የሚቀጥለውን ገጽ እኔ አዘጋጃለሁ።»

«ድምፄን ታውቀው የለ።»

«የምቀመጠው ከአፈ ጉባኤው እግር ሥር ነው። እሰማዎታለሁ።»

ገጹን ጻፍኩ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ናራሳኪ አየው። ከእኔ ጋር በአንድ ቀን የተቀጠረ ነው፤ እሱ በሹመት ወጣ፣ እኔ እዚያው ቀረሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ተቃውሞ ከተነሣ የሚነበብ።»

«ኢሶዛኪ ሁለቱንም ነው የሚያነቡት። ‹ተቃውሞ ስለሌለ ጸድቋል፤ ተቃውሞ ስላለ ይነሡ› ብለው ጋዜጠኛ ፊት ያዋርዱን?»

«ቶኪኤ ሳን ይቃወማሉ እኮ።»

«ለከንቲባው ያለ ተቃውሞ ያልፋል ብያለሁ። ለማንኛውም ከሰማህ ለኢሶዛኪ ሹክ በላቸው። ለሱ አይደል እንዴ እዚያ የተጎለትከው?»

ስለ ኢሶዛኪ የተናገረው እውነት ነው፤ በእርግጥም ሁለቱንም ያነቡ ነበር። ገጹን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ሹክታ ይበቃል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

በማግስቱ ነፋሱ በረደ፤ ቶኪኤ ሳን በጠዋቱ ጀልባ መጥተው አሥራ አንደኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አጀንዳ አሥራ አራት ደረሰ።

«ተቃውሞ አለ?»

«የለም» አለ አዳራሹ።

በዚያ ጩኸት መሀል «አለኝ» የሚል ድምፅ መጣ። ሰማሁ። በኋላ ራሴን ላታልል ብዙ ሞክሬያለሁ፤ አልሆነም። ጥርት አድርጌ ሰማሁ። የኢሶዛኪ ዓይን ከወረቀቱ አልተነቀለም። ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ናራሳኪ ከወዲያ ማዶ ራሱን ነቀነቀ፤ ከንቲባውም ቀና ብለው አዩኝ። ጉልበቴ ከዳኝ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ጉልበቴ ደህና ነበር። ፈራሁ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«ተቃውሞ ስለሌለ ጸድቋል። አጀንዳ አሥራ አምስት፣ የቤተ መጻሕፍቱ የመክፈቻ ሰዓት።»

ሰባቱ ሰዎች ጠረጴዛቸውን ያያሉ። መስማት አለመስማታቸውን እነሱ ያውቃሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለእረፍት ተወጣ። ቶኪኤ ሳን የሻይ ስኒያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ እኔ መጡ።

«ይቅርታ አድርግልኝ፣ ኡሱይ ሳን። ያን ያህል ደክመህልኝ። ጉሮሮዬ ነው ጉድ ያደረገኝ። አልተሰማም አይደል?»

ጊዜው ያ ነበር። ጉባኤው እስኪዘጋ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ፣ ነገሩን ማረም ይቻል ነበር። «ተሰምቷል» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

«አዳራሹ ትልቅ ነው» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሻዬንም ቀዱልኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ጠጣሁት። በአሥራ አንድ ሰዓት ጉባኤው ተዘጋ።

ጥር ላይ ቃለ ጉባኤውን ለመጻፍ የድምፅ ቅጂውን በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። አጀንዳ አሥራ አራት ላይ ድምፃቸው አለ። «አለኝ።» ከዚያ ኢሶዛኪ ማንበብ ከጀመሩ በኋላ እንደገና፣ «ተቃውሞ አለኝ።» ሁለተኛውን በዕለቱ አልሰማሁትም። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። ይህ የተባለው ለተናጋሪው ነው፤ ጸሐፊ ሆኖ የሌላውን ቃል ማጥፋት ግን የባሰ ነው።

እንዳለ ጻፍኩት። ናራሳኪ አንብቦ በሩን ዘጋ።

«‹ተቃውሞ የለም የሚል ድምፅ› ብለህ እለፈው። ሃምሳ ዓመት የተጻፈው እንዲያ ነው።»

«ሁለት ጊዜ ተናግረዋል።»

«እዚያ ማን ተቀምጦ ነበር ሲባል የምትጠየቀው አንተው ነህ። ጀልባዋ እንደሁ አትተርፍም። ጉባኤው ተዘግቷል፣ ነጂውም ከመጋቢት በኋላ የሚገባበት ሌላ ሥራ አግኝቷል።»

«አውቃለሁ።»

«እና ምን ያደርግልሃል?»

ወረቀቱን ቦርሳዬ ከትቼ ወጣሁ። ቃለ ጉባኤውን ሁለት አባላት በየተራቸው አንብበው ማኅተም ይመቱበታል፤ ያን ጊዜ ተራው የአሥራ አንደኛውና የአሥራ ሁለተኛው ወንበር ነበር።

በማግስቱ በጀልባዋ ናካዜ ስደርስ ቶኪኤ ሳን ደጃቸው ላይ ዓሣ ዘርግተው ሲያደርቁ አገኘኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። አሥራ አራት ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ተሰምቷል እኮ» አሉ። ፊታቸው በራ፤ ጉሮሯቸውን ዳበሱ። «መሣሪያው ሰምቶኛል ማለት ነው?»

«እኔም ሰምቼዎታለሁ።»

«መቼ?»

«ያኔውኑ።»

መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሻይ ስንጠጣ ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«ያኔ ብትነግረኝ ይታረም ነበር?»

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይታረም ነበር።»

ቢጮኹብኝ በወደድኩ። ዓሣዎቹን አንድ በአንድ ገለበጡ።

«እኔ እኮ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቤቱ ዞሬ ይቅርታ ጠየቅሁ» አሉ። «ድምፄ ነው ያጠፋችሁ አልኳቸው። ሠላሳ ሰው። ኢናባ ሽማግሌው ሊያጽናናኝ ለጉሮሮሽ ብሎ ከረሜላ ላከልኝ።»

ገብተው ማኅተማቸውን አመጡ፣ እፍ ብለውበት መቱ።

«የተጻፈው እውነት ነውና እፈርማለሁ። አሁን ተነሥ።»

«ወዴት?»

«በየበሩ። እኔ ሳላውቅ የዋሸኋቸውን አንተ ታርማለህ። እኔ ከኋላህ ቆሜ እሰማለሁ።»

የመጀመሪያው በር የኢናባ ነበር። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። መግቢያቸው ላይ ዕቃ የታጨቀባቸው ወደ ከተማ የሚሄዱ ካርቶኖች በገመድ ታስረው ተደርድረዋል። የሚነበብ ወረቀት የለኝም። ቶኪኤ ሳን እንደተናገሩ፣ እኔ እንደሰማሁ፣ ፈርቼም ዝም እንዳልኩ ነገርኳቸው። ሽማግሌው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። ስጨርስ ፊታቸው ፈታ አለ።

«እንግዲያ ተቃውሞ ከነበረ ጀልባዋ አትቀርም ማለት ነዋ» አሉ። በትከሻዬ ላይ አሻግረው ተጣሩ። «ቶኪኤ፣ ሰማሽ? አትቀርም።»

ቶኪኤ ሳን ወደ እኔ ዞሩ።

«ትቀራለች፣ ኢናባ ሳን» አልኩ።

አልሰሙኝም። ጎንበስ ብለው የመጀመሪያውን ካርቶን ገመድ መፍታት ጀምረዋል።