ስሙ መፍቻ ነው

«ጠብቅ ነው ያልኩህ!» አሉ ሙሴ ኒቆላ፣ በአውሮፕላኑ ወንበር ላይ ተቀምጠው መሪውን በሁለት እጃቸው እየታገሉ።

«እኮ አጥብቄዋለሁ!» አለ ታፋ መካኒኩ፣ ደረቱን ነፍቶ።

የነቀምቴ ሰው ከጸሎት ቤት መልስ የግሪኩን የሙሴን መጋዝ ቤት ግቢ ሞልቶታል። በሣጥን ተበታትኖ የመጣው አውሮፕላን ለዘውድ በዓል እንዲበር ሦስት ወር ሲገጣጠም ከርሞ፣ ያን እሑድ መሪው ሲነካ ጅራቱ እሺ ማለቱ ሊታይ ነው። ታፋም አማቱን አቶ ዘነበን ከሲሬ ድረስ አስመጥቷቸዋል። ልጃቸውን የሺአረግን ከዳሩለት ወዲህ እጁ ምን እንደሚሠራ አይተውለት አያውቁም።

ጅራቱ ግን ንቅንቅ አልል አለ። ሙሴ ጎትተው ጎትተው ሲደክማቸው ድንገት ቋ ብሎ ተወረወረ።

«ያ ታፋ! በቅሎ ነው እንዴ የገጠምክላቸው?» አለ ከኋላ አንዱ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

የታፋን ነገር ሰፈሩ ያውቀዋል። መፍቻው ስሙ መፍቻ ይባል እንጂ ፈትቶ አያውቅም፤ በዲጋ መንገድ የሚንገጫገጭ የጭነት መኪና ሁሉ እሱ ያሰረውን ቡሎን ጥሎ ገብቶ አያውቅም። አውሮፕላን ግን ሌላ ነው። ዓርብ ዕለት ሙሴ መሪውን ከጅራቱ የሚያገናኘውን ዘንግ መጋጠሚያ አሳይተውት ነበር፦ ዳዶው በሁለት ጣት ብቻ ይታሰር፣ መሪው ሲለቀቅ በራሱ ክብደት ዘፍ ይበል፣ «ከዚያ ጠብቅ፤ እኔ ልምጣ»። ይህም አልበቃ ብሏቸው በታፋ አፍ መፍቻ በኦሮምኛ «ሱታ፣ ሱታ» ጨምረውበታል፤ ቀስ ማለታቸው ነው። ብቻውን ሲቀር ግን በጣት የሚዞረው ዳዶ አሳፈረው። አማቴ ነካ ቢያደርጉትስ? አለና ጥርሱን ነክሶ አንድ ሙሉ ዙር ጨመረለት።

«የኔ ጥፋት» አሉ ሙሴ፣ ወርደው ላባቸውን እየጠረጉ። «የኔ አማርኛ ጥሩ አይደለም።»

«እውነት ነው» አሉ አቶ ዘነበ። «የፈረንጅ ምላስ ይኮላተፋል። ልጄ ምን ያድርግ?»

«ልጄ» ሲሉት የመጀመሪያቸው ነው።

የታፋ ፊት ነደደ። ዝም ቢል ያቺን ቃል ሰርቆ ወደ ቤቱ ሊገባ ነው። ዝም ሊልም ነበር። ሙሴ ግን ጎንበስ ብለው ዳዶውን በጣታቸው ሞከሩት፤ እምቢ ሲላቸውም ይቅርታ እንደሚለምን ሰው ቀና ብለው አዩት። ይህን አልቻለውም። ተንበርክኮ ፈታው። በሁለት ጣት መልሶ አሰረና እንዳይፈታ የሚይዘውን ኮፒሊያ ሰካበት። መሪው ሲለቀቅ ዘፍ አለ፤ ጅራቱም እንደ ላም ጆሮ እርግብግብ አለ።

«ሰምቼዎት ነበር» አለ ታፋ፣ ከመሬት ቀና ሳይል። «ጠብቅ ሲሉ ቆየኝ ማለትዎ መሆኑን። ሱታውንም። ዳዶው ላላ ብሎ ቢታይ አፍራለሁ ብዬ ነው።»

አቶ ዘነበ ከዘራቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«የሺአረግን ስሰጥህም ጠብቃት ብዬህ ነበር» አሉ። «እሷንስ ጠበቅሃት ወይስ አጠበቅሃት?»