የቃል ጅራት

በእኛ አገር፣ በደቡብ ፈረንሳይ፣ ሰው ቃልን እስከ ጅራቱ ነው የሚናገረው። ከተማችንን “ቱሉዜ” እንላታለን እንጂ እንደ ፓሪስ ሰው “ቱሉዝ” ብለን አፋችንን ገጠም አናደርግም። ዳቦ “ፔንግ” ነው፣ የወይን ጠጅ “ቬንግ” ነው፣ ነገ ደግሞ “ዱሜንግ”። ወንድሜ አንሴልም እስከ ሃያ ሁለት ዓመቱ ድረስ እንደ እኛው ሲናገር ኖሮ ፓሪስ ሲገባ ጅራቱን አስቆረጠ። ሠላሳ አንድ ዓመት ራግቢ በቴሌቪዥን ያስተላለፈው፣ ቅዳሜ ማታ የጥያቄና መልስ ውድድር ሲመራ አገር ሁሉ እራቱን ይዞ የሚያየው አንሴልም ካዞ ማለት እሱ ነው። እኔ ታናሽ እህቱ ሬዢን ነኝ። መንደራችን ካስቴልሙር አደባባይ ላይ ያለው ዳቦ ቤት የእኔ ነው። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ንዴቴ እስኪበርድ ብጠብቅ ከነጭራሹ አልጽፈውም ነበር።

ምላሱን የቆረጠው እንዲህ ነው። ፓሪስ ሥራ ሊጠይቅ የሄደ ቀን አለቃው አንድ ገጽ ዜና አስነበበውና፣ “በዚህ አፍህ የዝይ ጉበት ትሸጥበታለህ እንጂ ዜና አታነብበትም” አለው። ከዚያ ድምፅ የምታስተምር አንዲት ሴት ዘንድ ላከው። ሴትየዋ የጠርሙስ ቡሽ በጥርሱ አስነክሳ ሁለት ዓመት አስነበበችው። ለገና አገር ቤት ሲመጣ እንኳ ቡሹን በኪሱ ይዞ ይመጣ ነበር። እናቴ፣ “ይሄ ልጅ መጠጥ ጀመረ እንዴ?” ብላ ተጨንቃ ነበር።

አባታችን ባቲስት ግን አልተጨነቀም፤ አኮረፈ። እሱም በራሱ መንገድ ጨዋታ አስተላላፊ ነበር። እሑድ እሑድ የመንደራችን ቡድን ሲጫወት፣ ጥቁሯን ክብ ቆቡን ደፍቶ፣ ድምፅ ማጉያውን ይዞ የሜዳው ጠርዝ ላይ ይቆማል። “ኳሷን የጣላት የባሬር ልጅ ነው፤ እናቱ ዛሬ ምሳ እንዳትሰጪው” ይላል፣ ሜዳው በሳቅ ይፈርሳል። አንሴልም ስለ ሥራው የሚያውቀውን ሁሉ፣ መቼ ዝም እንደሚባል ጭምር፣ ያወቀው ከእሱ ነው። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን ጨዋታ ያስተላለፈ ቀን አባቴ ወንበሩን ስቦ እስከ መጨረሻው ሰማ። ሲያበቃ ተነሣና፣ “ጥሩ ይናገራል። የማን ልጅ እንደሆነ ግን አላወቅኩትም” ብሎ ወደ መኝታው ሄደ። አልቀለደም።

የመንደሩ ሰው ያኮረፈው ግን በአንዲት ብስኩት ነው። ቅቤ የጠጣ ሊጥ ውስጥ ሁለት ዘንግ ቸኮሌት ተደርጎ የሚጋገረውን ፓሪሶች “ፓን ኦ ሾኮላ” ይሉታል። እኛ ዘንድ ስሙ ሾኮላቲን ነው። በዚህ የተነሳ ወዳጅ ከወዳጁ ሲቀያየም አይቻለሁ። አንሴልም አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ስምንት ሚሊዮን ሰው እያየው፣ ብስኩቷን ብድግ አድርጎ በፓሪስ ስሟ ጠራት። በማግስቱ ዳቦ ቤቴ የገባ ሁሉ ፈገግ እያለ፣ “ማዳም ሬዢን፣ ያቺን ወንድምሽ የሚላትን ነገር ሁለት ስጪኝ” ይለኝ ጀመር። አሥራ አንድ ዓመት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያንኑ ቀልድ በየጠዋቱ ከመልስ ጋር ስቆጥር ኖሬያለሁ።

እንግዲህ ባለፈው ሚያዝያ የሆነውን ስሙ። ቲቦ የሚባል አዲስ አለቃ አንሴልምን ምሳ ጋበዘው። ቲቦ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ካልሲ አያደርግም። ተመልካቹ የፓሪስ አፍ ሰልችቶታል፣ የአፈር ሽታ ያለው ድምፅ ይፈልጋል፣ ስለዚህ የቅዳሜው ውድድር ይዘጋል፣ ጨዋታውንም ከአሁን ወዲያ የሚያስተላልፈው ከደቡብ፣ ከፔርፒኞን የመጣ የቀድሞ ተጫዋች ነው አለው። ሰውየው “ሮዝ” ማለት አይሆንለትም፤ “ሮዜ” ነው የሚለው።

“እኔም እኮ የደቡብ፣ የዤርስ ልጅ ነኝ” አለ አንሴልም።

“አትቀልድ” አለው ቲቦ። “በፍጹም አያስታውቅብህም።”

ይህን ሲነግረኝ በስልክ ነበር፤ ዱቄት በያዘ መዳፌ አፌን ከደንኩ። ምላሱን ቆርጦ ያገኘውን እንጀራ ምላሱ ስለተቆረጠ አጣው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው፤ እሱ ደግሞ የቆጡንም ጣለው። ሆኖም ቲቦ አንዲት ቀዳዳ ትቶለት ነበር። በሰኔ የጋሻው፣ ማለት የአገሪቱ የራግቢ ሻምፒዮና፣ ፍጻሜ ሲደረግ ከፔርፒኞኑ ሰውዬ ጎን አንድ ወንበር አለ። “ያን የድሮውን አፍህን መመለስ ከቻልክ ማክሰኞ ልደውልልህና አሰማኝ” ብሎታል። ስለዚህ አንሴልም ቅዳሜ ሻንጣውን ይዞ እኔ ዘንድ መጣ።

“አስተምሪኝ” አለኝ።

“ምኑን?”

“መናገር።”

ሰኞ ዳቦ ቤቱ ዝግ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ምድጃው አጠገብ ተቀመጥንና ስልሳ ሦስት ዓመት የሞላውን ሰውዬ እንደ ሕፃን አፍ ማስፈታት ያዝኩ።

“በል ‘ዱሜንግ’ በል።”

“ዱሜንግግግ።”

“ደወል ምታ አላልኩህም።”

“ታዲያ እንዴት ነው?”

“እንዴት እንደሆነ እኔ ምን ዐውቃለሁ? እኔ ዝም ብዬ ነው የምለው። በል ‘ቱሉዜ’።”

“ቱሉዜኤ።”

“አንሴልም፣ የምትናገረው እንደ እኛ አይደለም። ፓሪሶች በእኛ ሲያሾፉ እንደሚናገሩት ነው የምትናገረው።”

“ልዩነቱ ምንድን ነው?”

ልዩነቱ ምንድን ነው ሲለኝ ቆሽቴ አረረ። ያ ምላሱ ጤፍ የሚቆላ ሰውዬ፣ ለሚኒስትርም ለቦክሰኛም ቃል የማያጣ፣ እናቱ ጡት እያጠባች ያስተማረችውን አንዲት ቃል እስከ ጅራቷ ማድረስ አቃተው። ቀኑን ሙሉ ሞከርን። ወደ አሥር ሰዓት ላይ ከሻንጣው ያንን አሮጌ ቡሽ አውጥቶ ጥርሱ መሃል ከተተ፤ ምናልባት በገባበት ቢወጣ ብሎ። ነጥቄ ከእሳቱ ከተትኩት።

አሁን እውነቱን ልናገር። አንሴልም የፈለገው ወንበሩን ነበር። እኔ የፈለግኩት የአባቴን ድምፅ ነው። አባቴ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፤ ድምፁን የቀዳልን ሰው የለም፤ እኔ ጉሮሮዬ የእናቴ ነው። የባቲስት ጉሮሮ የቀረው አንሴልም አንገት ውስጥ ብቻ ነው፤ እሱም ቆልፎበት ቁልፉን ጥሎታል። ፍጻሜውን አስተላለፈ አላስተላለፈ እንደዚያ አላቃጠለኝም። አንድ ጊዜ፣ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብሰማ በቂዬ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ዳቦ ቤቱ ሰው ሞልቶበታል። ቲቦ በአራት ሰዓት ሊደውል ነው። የዚያ አባቴ ያሾፈበት ኳስ ጣይ እናት ማዳም ባሬር፣ ዘጠና ዓመታቸው ነው፣ ዐይናቸው ከደከመ ቆይቷል፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ሳንቲም በጣታቸው እየዳሰሱ ነበር። አንሴልም ከጓዳ ወጣ። ከጭንቀቱ ብዛት፣ እንደ ፓሪስ ልማዱ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣

“ሬዢን፣ አንድ ፓን ኦ ሾኮላ ስጪኝ እስቲ” አለ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ትናንት ቀኑን ሙሉ የለፋሁበት፣ አሥራ አንድ ዓመት የተቀለደብኝ፣ አራት ዓመት አፍኜ የያዝኩት ሁሉ ባንድ ጊዜ ወጣ።

“እዚህ የለም” አልኩት። “ፓሪስ ሄደህ ብላ። አባባን ስንቀብርስ እዚያው አልነበርክ? እኛ አፈር ስናለብሰው አንተ ለፍጻሜው ክራቫትህን ታስር ነበር። ያን ለታ ማታ የመንደሩ ሰው ከቀብር ተመልሶ ቴሌቪዥን ሲከፍት አንተ ትስቃለህ። ስሙን እንኳን አልጠራህም። አንዴም።”

ሳቁ ቆመ። አንሴልም ፊቱ ቀላ። ከዚያ ባንኮኒውን በጡጫው መታና፣

“ማን ያስቀረኝ ይመስልሻል?” አለ። “አትምጣ ያለኝ እሱ ነው! ሊሞት ሲል ደወለልኝ። ‘ቅዳሜ ብሞትም ባልሞትም ማይክራፎኑን ለሌላ ሰጥተህ ብትመጣ ከሳጥኔ ተነሥቼ ነው የማባርርህ’ አለኝ። ሰማንያ ደቂቃ አወራሁ ሬዢን፣ ጉሮሮዬ ውስጥ ድንጋይ ይዤ። ስሙን ልጠራ ነበር። ሦስቴ አፌን ከፈትኩ። በዚያ በፓሪስ አፍ ‘ባቲስት’ ብል የሌላ ሰው ስም ነው የሚሆነው፤ እኔ እንደዚያ ብዬ ጠርቼው አላውቅም። ባቲስቴ ነው! አባቴ ባቲስቴ ነው! ባቲስቴ ካዞ፣ የካስቴልሙር!”

እጄ ላይ የነበረው ዳቦ ወደቀ። ቃሉ ሁሉ ጅራቱን ይዞ ነበር የሚወጣው። “ፓሪሱ”ም፣ “ድንጋዩ”ም፣ “አባቴ”ም። የሚጮኸው አንሴልም አልነበረም። እንደ ጠጠር መንገድ የሚሻክረው፣ መጨረሻው ላይ ከፍ የሚለው፣ እሑድ ከሰዓት ሜዳውን የሚሞላው ያ ድምፅ ነበር። አባቴ እንደከለከለው አላውቅም ነበር። አራት ዓመት በከንቱ ጠምጄው ኖሬአለሁ ብዬ ማፈር ሲገባኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያን ሰዓት ያሰብኩት “እንዳያቆም” ብቻ ነው።

ማዳም ባሬር በማያይ ዐይናቸው ወደ ድምፁ ዞሩ። ቀስ ብለው አማተቡ።

“ባቲስቴ” አሉ፣ “ልጄ ኳሷን አልጣላትም እኮ፤ ገፍተውት ነው።”

ማንም አልሳቀም። አንሴልም አፉን ከፍቶ ቀረ፤ የራሱን ድምፅ ገና ያን ጊዜ የሰማው መሰለኝ። ወደ እሳቸው አንድ እርምጃ ቀረበ። ሊመልስላቸው ነበር።

ስልኩ ጮኸ።

ከኪሱ አወጣው፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ክራቫት እንዳሰረ ሰው ቀጥ አለ። “አሎ፣ ቲቦ፣ እንዴት አደርክ” አለ። እያንዳንዱ ቃል ጅራቱ በመቀስ የተቆረጠ። ክንዱን ያዝኩት። “እንደዚያው፣ እንደ አሁኑ አድርገህ ንገረው” አልኩት በሹክሹክታ። ራሱን ነቀነቀልኝና ያንን የትናንቱን ደወል መምታት ጀመረ። ዱሜንግግግ፣ ቱሉዜኤ፣ ሮዜኤ። ከስልኩ ውስጥ የቲቦ ሳቅ ባንኮኒው ድረስ ይሰማል። ሲስቅ ቆየ። ከዚያ ብዙ አወራ፤ አንሴልም፣ “አዎ… ይገባኛል… ደስ ይለኛል” እያለ ሰማ።

ዘጋው።

“ወሰዱኝ” አለኝ።

“ለፍጻሜው?”

“ለፍጻሜው ሌላ ሰው አግኝተዋል። ቅዳሜ ማታ አምስት ደቂቃ አለች። ከባላገር የመጣ አጎት ሆኜ ስለ ሳምንቱ ዜና እቀልዳለሁ። ቲቦ ይሄን ያህል ስቄ አላውቅም አለ።” ዐይኑን ከዐይኔ አሸሸ። “ሬዢን፣ ሥራ እኮ ነው። ቤት ቁጭ ብዬ ልሙት?”

ፊቴን አዙሬ ዳቦ መደርደር ያዝኩ። እሱም ምድጃው አጠገብ ምስማሩ ላይ ወደተሰቀለችው ጥቁር ቆብ አየ።

“የአባባን ቆብ አውሺኝ። ለመነሻ ያህል። አጎትየው ቆብ ያስፈልገዋል።”

“ቅድም እንደጠራኸው ስሙን ጥራውና ውሰዳት” አልኩት።

ሞከረ። ዐይኑን ጨፍኖ፣ ከልቡ ሞከረ። “ባቲስቴኤ” አለ። አንዱ ደንበኛ በሳቅ ፈነዳ፤ አንሴልም ሳያስበው፣ ለሳቁ፣ ፈገግ አለ። የሠላሳ አንድ ዓመት ልማድ ነው። ያቺን ፈገግታ እስካሁን ይቅር አላልኳትም።

ቆቧን አልሰጠሁትም። ቅዳሜ ማታ በቴሌቪዥን ሲወጣ የገዛት አዲስ ቆብ ነበረች፣ ጠርዟ ገና ያልተሰበረ። ሾኮላቲን አለ፣ ዱሜንግ አለ፣ አዳራሹ ተንከተከተ። አገር ወደደው። የገረመኝ ግን አገር አይደለም፤ የእኛ መንደር ነው። እሑድ ጠዋት ወረፋ የያዘው ሁሉ፣ “ማዳም ሬዢን፣ እንኳን ደስ አለሽ፣ ወንድምሽ በመጨረሻ እንደ እኛ ተናገረ” ይለኛል። አዎ እላለሁ። ምን ልበል? ዳቧቸውን አቀብላቸዋለሁ። አንሴልም ሲደውልልኝ ደህና ነህ ወይ እለዋለሁ፣ ስለ አባባም ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ እሱም በተቆረጠው አፉ “ግድ የለም” ብሎኛል።

ማዳም ባሬር ብቻ ቴሌቪዥን አያዩም። በየጠዋቱ ይመጣሉ፣ ሳንቲማቸውን ይዳስሳሉ፣ ሰው እስኪቀልል ይጠብቁና ወደ እኔ ጠጋ ይላሉ።

“ልጄ፣ ማክሰኞ ለት የመጣው ሰውዬ ተመልሶ አልመጣም?”

“አልመጣም፣ ማዳሜ” እላቸዋለሁ፤ ሾኮላቲናቸውንም እጠቀልልላቸዋለሁ።