ጠብቆ ሲነበብ

የችሎት ቁጥር ሦስትን በር የሚጠብቀው ፖሊስ ጡረተኛውን ዜና አንባቢ መፈተሽ ከተወ ሰንብቷል። “ይግቡ ጋሼ፣ ወንበርዎ ናፍቆዎታል” ብሎ ያሳልፈዋል። ሰው ጡረታ ሲወጣ አንዱ ንብ ያረባል፣ ሌላው ዳማ ይጫወታል፤ ይኼኛው የሰው ክስ ይከታተላል። ጋዜጣ የጻፈው የወንጀል ክስ አያመልጠውም። ከተከሳሽ ወገን አይደለ፣ ከሟች ወገን አይደለ፤ ሦስተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ደኅና የሚሰማውን ግራ ጆሮውን ወደ ምስክር መቆሚያው ያዞርና ደብተሩን ጭኑ ላይ ይዘረጋል። ሴት ልጁ “አባዬ፣ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ሆነብህ እኮ” ትለዋለች። ሐሰት አልተናገረችም።

ከጎኑ የምትቀመጠው ጡረተኛ ነርስ ናት። ለራሷ አንድ፣ ለእሱ አንድ ትራስ ይዛ ትመጣለች፤ የፍርድ ቤት አግዳሚ ወንበር ጥፋተኛውንም ንጹሑንም እኩል ነው የሚቀጣው። ሁለቱ ስምንት ወር ሙሉ፣ አንድ ቀን ሳይቀሩ የተከታተሉት የቀልደኛውን ሚስት ክስ ነው።

ቀልደኛውን የማያውቅ አልነበረም። አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፁ የሚያባብል ሰው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በሬዲዮ ሲቀርብ መነሻው ሁልጊዜ አንድ ነው። “ትናንት ደግሞ ባለቤቴ መታችኝ!” ይላል፤ አገሩ በሳቅ ያልቃል። ሚስቱ መረብ ኳስ ተጫዋች የነበረች፣ ከእሱ በአንድ ክንድ የምትረዝም ሴት መሆኗን ሁሉም ያውቃል፤ ሳቁም ከዚያ ነው የሚመጣው። አንድ እሑድ ጠዋት ቀልደኛው ከቤቱ ደረጃ ሥር ሞቶ ተገኘ። እሷ “ሊመታኝ እጁን ሲያነሳ ገፋሁት” አለች። ዐቃቤ ሕግ “አስባበት ገደለችው” አለ። ከተማው ከዐቃቤ ሕግ ጋር ቆመ። የሚያስቀውን ሰው የነጠቁት ሕዝብ ምሕረት አያውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት ዐቃቤ ሕጉ የማጠቃለያ ንግግሩን ሲያሰማ የቤት ሠራተኛዋን ምስክርነት ከመዝገቡ አወጣ።

“ምስክሯ ‘ባልና ሚስቱ እንዴት ነበሩ?’ ተብላ ስትጠየቅ ምን መለሰች? ‘በተጣሉ ቁጥር እሷ ትመታለች።’ ክቡር ፍርድ ቤት፣ በተጣሉ ቁጥር! ለካስ ቀልዱ ቀልድ አልነበረም።”

የዜና አንባቢው እርሳስ ባለበት ቆመ። ዐቃቤ ሕጉ “ትመታለች” የምትለዋን ቃል አላልቶ ነው ያነበባት፤ እንዲያ ስትነበብ መቺዋ ሚስትየዋ ናት። ጠበቅ ካለች ግን ተመቺዋ ሚስትየዋ ትሆናለች። ፊደሉ ያው ነው፤ ወረቀት መቺን ከተመቺ አይለይም። ዜና አንባቢው ደግሞ የቤት ሠራተኛዋ ቃሏን ጠበቅ አድርጋ ስትናገር ሰምቷል። ወይም የሰማ መሰለው።

ነገሩ ለእሱ እንደ ማንም ሰው ነገር አይደለም። ከሃያ ዓመት በፊት፣ ዜና በቀጥታ እያነበበ ሳለ፣ አስቀድሞ ያላየው ወረቀት እጁ ገባ። “ከስብሰባው በኋላ እንግዶቹ በትልቁ አዳራሽ ይበላሉ” ይላል። ተጣደፈና አጥብቆ አነበበው። እንግዶቹ ከሩቅ አገር የመጡ ሹማምንት ነበሩ፤ አገር ምድሩ ሊበሉ መሆኑን ሰማ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጋሽ ይበላሉ ተብሎ ቀረ። የሥራ ጓደኞቹ “ዛሬስ ማንን አስበላህ?” እያሉ ይስቁበት ነበር። አለቃው ግን አልሳቀም፤ ከማይክራፎኑ አንሥቶ የካሴት ማኖሪያ ክፍል ከተተው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና የሚመልሰው አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ እጁ የገባውን ጽሑፍ ሁሉ፣ የመድኃኒት ማዘዣ ሳይቀር፣ በሚጠብቁት ፊደላት አናት ላይ ነጥብ ሳያኖር አያነብም።

በዕረፍቱ ሰዓት ነርሷን ኮሪደሩ ላይ ያዛት።

“እህቴ፣ ያቺ ሠራተኛ ምን ነበር ያለችው?”

“መስማቱ ተሳነህ እንዴ? አሁን ተነበበ እኮ።”

“የተነበበውን ተይው። ያን ቀን ያለችውን።”

“ትመታለች ነዋ ያለችው” አለች ነርሷ፣ አላልታ። “እኔ ጆሮዬ ደኅና ነው፣ ወንድሜ። ሴትዮዋ እንደምትመታው ማን የማያውቅ አለ?”

ያስፈራውም ይኼ ነው። ማን የማያውቅ አለ? የሚጠይቀውን ሰው በልቡ ይቆጥር ጀመር። ያን ቀን የተሰየሙት ዳኛ ታመው በሌላ ዳኛ ተተክተዋል። የመጀመሪያው ጠበቃ ከተከሳሿ ጋር ተጣልቶ ሄዷል። መብራት ጠፍቶ ስለነበር የድምፅ መቅጃው አልሠራም፤ ጸሐፊዋ በባትሪ ኮምፒዩተር የጻፈችው ብቻ ነው የተረፈው። ዐቃቤ ሕጉ ነበር፤ የሰማው ግን ሊሰማ የመጣውን ነው።

ቤቱ ገብቶ የዚያን ወር ደብተር አወጣ። ቃሏ የመስመሩ መጨረሻ ላይ ናት፤ በ‘መ’ አናት አንድ ነጥብ፣ በ‘ታ’ አናት አንድ ነጥብ። ጠብቃለች! ደስታው ግን ወንበር እስኪስብ እንኳ አልቆየም። ነጥቡን ያኖረው የሰማውን ነው ወይስ የፈራውን? ካዋረዱት ቀን ጀምሮ እንኳን የጠበቀውን የላላውንም ነጥብ እየጫነ ነው የሚያነበው። ደግሞም ልጁ ጆሮ ሐኪም ዘንድ የወሰደችው ከዚያች ምስክርነት አንድ ሳምንት ቀድማ ነበር። ሐኪሙ የቀኙን አለቀ፣ የግራውን ተጋመሰ ብሎታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሱማ ጭራሹን አገር ለቆ እየሄደ ነው።

ልጁ ስትደውል ሁሉንም ነገራት።

“አባዬ፣ በማርያም ተወው። ፍርድ ቤት ፊት ቆመህ ‘መስማት የማልችለው ሰውዬ ሰምቻለሁ’ ልትል ነው? እንደገና መሳቂያ ልትሆን ነው?”

“መሳቂያ መሆኑንስ ለምጄዋለሁ።”

“እኔ አልለመድኩትም” አለችው። ትምህርት ቤት የጋሽ ይበላሉ ልጅ እየተባለች ማደጓን ያኔ አስታወሰ፤ አንጀቱን በላችው።

ሊተወው ነበር። እንዳይተወው ያደረገው ግን ሌላ ትዝታ ነው። አንድ ቅዳሜ ሚስትየዋ ባሏን ልትወስድ እሱ ይሠራበት ወደነበረው ሬዲዮ ጣቢያ መጥታ ነበር። ሰማዩ ጠቁሮ ዝናብ ይወርዳል፤ እሷ ጥቁር መነጽር አድርጋለች። ቀልደኛው ወደ መነጽሩ እየጠቆመ “ዛሬስ ብድሬን መለስኩ!” አለ። ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ሳቀ። ዜና አንባቢውም ግድግዳ ተደግፎ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሴትዮዋም ፈገግ ብላ ነበር። ያን ፈገግታ አሁን ባሰበው ቁጥር ፊቱን የሚደብቅበት ያጣል።

በነጋታው ደብተሩን በብብቱ ይዞ አዲሱ ጠበቃ ቢሮ ሄደ። ጠበቃው ቁርሱን ጠረጴዛው ላይ እየበላ ገጹን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየው።

“ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ ይኼ ነጥብ ነው ወይስ የዝንብ ኩስ?”

ዜና አንባቢው አስረዳው። ጠበቃው ማኘኩን አቆመ።

“ደንበኛዬን ብጠይቃት ጠብቋል ነው የምትለኝ፤ ሌላ ምን ልትል? ምስክሯ ደግሞ የዐቃቤ ሕግ ናት። ቀድሜ ባናግራት አስጠናት እባላለሁ። ያለኝ መንገድ ፍርድ ቤቱ በድጋሚ እንዲጠራት መጠየቅ ነው። ግን ያስቡት፤ አሁን ቃሉ ወረቀት ላይ ነው፣ በሁለት መንገድ ይነበባል ብዬ ልከራከርበት እችላለሁ። መጥታ አላልታ ከደገመችው አበቃልን። የሃያ ዓመት እስር ቤት በር በገዛ እጄ ቆለፍኩባት ማለት ነው።” ወደ ፊቱ ዘንበል አለ። “ምን ያህል እርግጠኛ ነዎት?”

መቶ በመቶ ሊል አፉን ከፈተ። አልወጣለትም።

“ቀኝ ጆሮዬ አይሰማም፤ ግራውም ግማሽ ነው። ግን ያን ቀን ቃሏን ስትናገር ወደ ተከሳሿ ዞራ ነበርና ከንፈሯን አይቻለሁ። ‘መ’ ሲጠብቅ ከንፈር ለከንፈር ተጣብቆ ይቆያል፤ ሲላላ ነካ አድርጎት ያልፋል። መስተዋት ፊት ስንት ዓመት የተለማመድኩት ነው። ከንፈሯ ተጣብቆ ቆይቷል።”

“ከስንት ወር በፊት፣ ከሦስተኛው ረድፍ ያዩት ከንፈር!” አለ ጠበቃው። ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። ቆይቶ ግን ማመልከቻውን ጻፈ።

ፍርድ ቤቱ ለሁለት ሳምንት ቀጠረ። እነዚያ ሁለት ሳምንታት እንዴት እንዳለፉ እሱ ያውቃል። መስተዋት ፊት እየቆመ “ትመታለች” ይላል፣ አንዴ አላልቶ፣ አንዴ አጥብቆ፤ በመጨረሻ ሁለቱም አንድ መሰሉት። ሃያ ዓመት! አፉን ይዞ ቢቀመጥ ምናልባት ጠበቃው ተከራክሮ አሥር ያደርግላት ነበር። ነርሷም አላጽናናችውም። “በሰው ነፍስ ቁማር ተጫወትክ” ብላው ትራሱን ብቻ አቀበለችው።

በቀጠሮው ቀን አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ቤት ሠራተኛዋ ከዚያ ቤት ከወጣች ወዲህ ካለችበት ከእህቷ ዘንድ መጥታ ነበር፤ ሻርፕ የተከናነበች፣ ድምፅዋ ከጉሮሮዋ የማያልፍ ልጅ ናት። አዲሷ ዳኛ ደግ ሴት ነበሩና “ፈርተሻል መሰለኝ፤ ወደ እኔ ቅረቢ” አሏት። ልጅቷ ቀረበች፤ ፊቷን ወደ ዳኛዋ፣ ጀርባዋን ለተመልካች ሰጠች። ዜና አንባቢው ደነገጠ። ከንፈሯ የለም! የሚያየው ሻርፕ ብቻ ነው።

“እህቴ” አለ ወደ ነርሷ ጎንበስ ብሎ፣ “አልሰማትም። ከጠበቀ እጄን አጥብቀሽ ያዢኝ። ከላላ ልቀቂኝ።”

“እኔ የጆሮህ አስታማሚ ነኝ?” አለችው። ቢሆንም እጁን ያዘች። እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አስተካከሉ። “ማብራሪያው ይቆየን። ባልና ሚስቱ እንዴት ነበሩ ተብለሽ ስትጠየቂ የመለስሽውን፣ ልክ እንዳልሽው ድገሚልን።”

ሻርፑ ሲነቃነቅ አየ። ግራ ጆሮውን ቢያቀናም የገባለት የአየር ማራገቢያው ድምፅ ብቻ ነው። የጸሐፊዋ ጣቶች ኮምፒዩተሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ጠበቃው ራሱን አቀረቀረ፤ ይኼ ምን ማለት ነው? ዐቃቤ ሕጉ ወረቀቱን አገላበጠ፤ ይኼስ?

የነርሷ እጅ ላላ።

ገደልኳት አለ በሆዱ። አፌን በቆረጠው፣ ዓይኔን ባጠፋው፣ ቤቴ በቀረሁ! ዓይኑን ጨፈነ። ልጁን አሰበ፣ ጥቁሩን መነጽር አሰበ፣ ለሁለተኛ ጊዜ የሚሳቅበትን ሳቅ ጠበቀ።

ነርሷ ለካ የለቀቀችው መሐረቧን ለማውጣት ነበር። ዓይኗን ጠርጋ እጁን እንደገና ፈለገች፣ ጣቶቿን በጣቶቹ መሐል አስገባች፣ ጠበቅ አደረገች፤ ደግማ ጠበቅ አደረገች፤ አጥንቱ እስኪንቋቋ። ዜና አንባቢው ዓይኑን ሲከፍት በአዳራሹ ውስጥ የሚስቅ አንድም ሰው አልነበረም። ረጅሟ ሴት ተከሳሽ ሣጥን ውስጥ ተነሥታ፣ ለስምንት ወር አንዴም ያልዞረችበትን የተመልካች ረድፍ ታይ ነበር።

እጁ አመመው። ልቀቂኝ ግን አላለም።