በሩን የከፈተችው አሮጊት

ይቺ ልጅ የስልኳን ጨዋታ አሸንፋ ስታበቃ፣ ለምን ይሆን መጨረሻው ላይ ፊቷ የሚጠቁረው? እትዬ ራቢዓ ነገሩን ያወጣሉ፣ ያወርዳሉ። የልጅ ልጃቸው ኑርሃን ስልኳ ላይ አቀርቅራ መዋል ከጀመረች ሰነበተች። ደሴ ኮሌጅ ደርሷታል፤ ትምህርቱም ተጀምሯል። እሷ ግን ይኸው ሸዋ ሮቢት ቁጭ ብላለች።

ያስቀሯት እሳቸው ናቸው። እዚህ ቤት ትልቅ ሰው እጁን ዘርግቶ ዱዓ ሳያደርግ፣ ቤተሰቡም «አሚን» ሳይል መንገድ የሚወጣ የለም። ራቢዓም ዱዓውን አንዴ በሙቀቱ፣ አንዴ በእንግዳ እያመካኙ አቆዩት። ዱዓ እስካልተደረገ ልጅቷ የትም አትሄድም ብለው ነው። መንገዱን ይፈሩታላ! ጀውሃን አልፎ፣ ካራቆሬን ተሻግሮ... ስንቱን ወሬ ሰምተዋል።

ጠዋት ጎረቤታቸው ስንታየሁ ሚኒባሱን ደጃፍ አቁሞ አንገቱን ብቅ አደረገ።

«እትዬ ራቢዓ፣ ትናንት ደሴ ደርሼ ተመለስኩ እኮ። መንገዱ ሰላም ነው። የቀረው ኬላ የእርስዎ ብቻ ነው።»

«ሂድ ወዲያ! አንተ ለተሳፋሪ ስትል ገሃነምንም ሰላም ነው ትላለህ።»

እየሳቀ ወደ መኪናው ተመለሰ።

ራቢዓ ከኑርሃን ጎን ተቀመጡ። ስልኩ ላይ አንዲት ልጅ በረሃ አቋርጣ፣ ካውሬ ተናንቃ ከቤቷ ደረሰች። አንዲት አሮጊት በር ከፈተችላት፤ እልልታው ቀለጠ።

«እሰይ! መጨረሻ ማለት እንዲህ ነው። ሰው በሰላም ቤቱ ሲገባ።»

«እኔን ግን ያናድደኛል፣ እማማ።»

«ምኑ?»

«ያን ሁሉ መንገድ የመራኋት እኔ ነኝ። በየት ትለፍ፣ ማንን ታድን፣ ሁሉንም የመረጥኩት እኔ። እዚህ ስንደርስ ግን ስክሪኑን ብነካውም አይሰማኝ፤ ጨዋታው ራሱ ያስገባታል። በኔ ምርጫ ብትሞት እንኳ ይሻል ነበር።»

«አስተግፊሩላህ! አፍሽን ያዢ!»

«ትሙት አላልኩም። የለፋሁት መጨረሻው ላይ ይታይ ነው የምለው።»

«ቤቷ ካልገባች የት ልትሄድ ኖሯል?»

ኑርሃን ቀና ብላ አየቻቸው። «ዛሬ ዱዓ ታደርጊልኛለሽ?»

ውጭ የስንታየሁ ሚኒባስ ክላክስ ጮኸ። ራቢዓ እጃቸውን ሻርፓቸው ውስጥ ሸሸጉ።

«ሰኞ ይሁን ልጄ። ሰኞ ደግ ቀን ነው።»

ኑርሃን ስልኩን ኪሷ ከተተች። ካልጋው ሥር ሻንጣዋን ጎተተች፤ ለካ ሞልታው ኖሯል። ራቢዓ ጉልበቴን ልትስም ትመጣለች ብለው ጠበቁ። ልጅቷ ጫማዋን አጠለቀች፤ በሩን ራሷ ከፍታ ወደ ሚኒባሱ ወጣች።