ደንቡ ያስወጣቸው

ዘመዱ ወይም የትዳር ጓደኛው ገንዘብ የጠየቀ የኮሚቴ አባል፣ የዚያ ሰው ጥናት ሲታይ ከአዳራሹ ይውጣ፣ ስለ ጥናቱም ለማንም አይናገር የሚለውን ደንብ ያረቀቀችው ሊቀመንበሯ ራሷ ነበረች። ያን ጊዜ ሁሉም አጨብጭቦላታል። ዛሬ ደንቡ ዞሮ እሷኑ ያዛት። የኒውትሪኖ ምርምር በጀት ሲከፋፈል የትኛው ጥናት ይቅደም በሚል የተሰበሰቡትን ምሁራን ውስጥ ትታ፣ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብላለች። አጠገቧ የተቀመጠው አመልካች ባሏ ነው። ዕድሜውን ከመሬት በታች ስለጨረሰ ተማሪዎቹ “ፍልፈል” ይሉታል።

ኒውትሪኖ መሬቱንም፣ ግድግዳውንም፣ እኛንም ሳይነካ አልፎ የሚሄድ ቅንጣት ነው። ይሉኝታ የበዛበት እንግዳ በሉት። አንዱን ለመያዝ ግዙፍ ገንዳና ከሰማይ የሚወርደው የሌላ ቅንጣት ውርጅብኝ የማይደርስበት ጥልቅ ጉድጓድ ያስፈልጋል። ፍልፈል አሥራ አንድ ዓመት የለፋው ይህን ገንዳ በአንድ የተተወ የማዕድን ዋሻ ውስጥ ለመሥራት ነው። ዋሻው ተቆፍሮ ያለቀ ስለሆነ ወጪው ትንሽ ነው፤ ኮሚቴ ደግሞ ርካሽ ነገር ሲያይ አያስችለውም።

ሊቀመንበሯ ባለፈው ሳምንት የዕቅዱን አባሪ ስታነብ ግን ክው አለች። ዋሻው ጥልቀት ይጎድለዋል። ከሰማይ የሚዘንበው ሌላው ቅንጣት ገንዳውን አጥለቅልቆ ኒውትሪኖውን ይሰውረዋል። አዳራሹ ውስጥ ከቀሩት አንዱ የከዋክብት፣ ሌላው የማግኔት ሰው ነው፤ ይህ የሚገባው የለም። እሷ ደግሞ እንዳትናገር ደንቡ ይከለክላታል። ቤትም ስትገባ ሆድ ይፍጀው ብላ ከረመች።

“ምን ትያለሽ፣ ያልፍ ይመስልሻል?” አላት ፍልፈል።

የገዛ ደንቧን ጣሰችው። “እኔ ውስጥ ብኖር መጨረሻ ነበር የማደርገው” አለችው። “ዋሻህ ጥልቀት የለውም። ትርፉ ድካም ነው።”

ይቆጣል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን በረጅሙ ተነፈሰ።

“አውቄዋለሁ። በትንሿ የሙከራ ገንዳ ስንሞክር ነው የገባኝ። ያን ሁሉ ተማሪ አስከትዬ በምን አፌ ልንገራቸው? አንቺንም ፈራሁሽ። ኮሚቴው ይጥለዋል፣ እኔም እገላገላለሁ ብዬ ነበር።”

አንጀቷን በላው። ስንት ራት ፊት ለፊት ተቀምጠው ሁለቱም ያንኑ ነገር ሲውጡ ከርመዋል።

በሩ ተከፈተና የኮሚቴው ጸሐፊ ፊቷ በርቶ ብቅ አለች። “እንኳን ደስ አልዎት ፕሮፌሰር! አንደኛ ወጥተዋል። ሊፈርሙበት ነው።”

ጉዱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ደንቡም መርጦ ያስወጣው እነሱኑ ነው። ፍልፈል ተነሳ። አሁን ዝም ቢል ገንዘቡ የሱ ነው። ዝም ካለ ደግሞ ሚስቱ እንደ ድሮው ታየው እንደሆነ እንጃ፤ እሷም ይህንኑ እያሰበች ፊቱን ማየት ፈራች።

“ልግባ” አለ።

“አይቻልም እኮ” አለች ጸሐፊዋ። “አመልካች ገብቶ ስለራሱ ጥናት መናገር ክልክል ነው።”

“ልደግፈው አይደለም፤ ልጥለው ነው።”

ጸሐፊዋ ግራ ገብቷት ወደ ሊቀመንበሯ ዞረች።

“ይግባ” አለች ሊቀመንበሯ። “ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ሲባል አልሰማሽም? ይግባ!”

ፍልፈል የበሩን እጀታ ይዞ ዞር አለ። “ማታ ሥራ ፈት ባል ይዘሽ ነው የምትገቢው።”

“ግድ የለም” አለችው። “ሥራ ያለውንማ መቼ በቅጡ አይቼው አውቃለሁ!”

ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። በሩን ገፍቶ ገባ።